ይደገም!

  

እዚህ ደሴ የጋበዙኝ መምህራን «የመረጃ ቴክኖሎጂና የተማሪው ፍላጎት» በሚል ርእስ እንድናገር ነው የጠየቁኝ። ርእሱ ሰፊ ነው፤ ስለ ኮምፒዩተር ክፍል፣ ስለ ታብሌት፣ ስለ ኢንተርኔት ዋጋ እያነሣሁ ብጥል ይነጋብናል። ስለዚህ ሁሉንም በአንዲት ቃል ልቋጥረው አስቤአለሁ። ቃሏ እንግዳ አይደለችም። ግጥም ሲነበብ ወይም ማሲንቆ ሲመታ ደስ ካለን እንዲህ ካለ አዳራሽ ተቀምጠን የምንጮኻት ናት፦ «ይደገም!»

አዳራሽ ውስጥ «ይደገም» ምስጋና ነው። ክፍል ውስጥስ? እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ ይድገሙልኝ» የሚል ተማሪ ስንት ነው? መምህሩ «ገባችሁ?» ይላል፤ ስልሳው ተማሪ ባንድ አፍ «አዎ!» ይላል። እኔም ብያለሁ፤ እናንተም ብላችኋል። ያልገባው ልጅ ከሁሉ አስበልጦ ይጮኻል፤ እንዳይታወቅበት።

የዚያ «አዎ» ዕዳ የሚከፈለው በኋላ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 ከመቶ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ጦርነት በትምህርት ላይ ምን እንደሚያደርግ ለደሴ ሰው አልነግርም። ከምክንያቶቹ አንዱ ግን ይህ የባንድ አፍ «አዎ» ነው ብዬ አምናለሁ።

ቋንቋችን እዚህ ላይ ተንኮለኛ ነው። ዳዊት ያነበበን ሰው «ዳዊት ደገመ» እንላለን። ፈተና የወደቀን ልጅም «ክፍል ደገመ» እንላለን። አንዱ ማዕረግ፣ ሌላው ሐዘን፤ ግሡ ግን አንድ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው የማየው ይህን ነው፦ ትምህርቱን መድገም የተከለከለ ልጅ ክፍሉን ይደግማል።

የዛሬው ንግግሬ ፍሬም ይኸው ነው። ተማሪ ከቴክኖሎጂ አስቀድሞ የሚፈልገው ሳያፍር «ይደገም» ማለት መቻልን ነው። ይህን የሚሰጠው መሣሪያ አሮጌ ስልክም ቢሆን ይጠቅመዋል፤ ይህን የሚነሣው ከሳተላይት ቢወርድም አይጠቅመውም። ነገሩን በአራት ክፍል አቀርበዋለሁ፦ መጀመሪያ ከቤታችን ስለነበረው መድገም፤ ሁለተኛ ስለ ፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርት፤ ሦስተኛ መጠበቅ ስለሚችሉ መሣሪያዎች፤ በመጨረሻ ስለ ቋንቋና ፊደል። ከዚያ ሰኞ ጠዋት ምን ማድረግ እንደምንችል ተነጋግረን እንለያያለን።

ከቤታችን ልጀምር። ከዚህ ብዙም ሳይርቅ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አለ፤ በ13ኛው መቶ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ደቀ መዛሙርት ያፈሩበት። በዚሁ በወሎ ደግሞ እንደ ዳና ያሉ፣ ከሩቅ አገር ደረሳ፣ ማለትም ተማሪ፣ የሚመጣባቸው የእስልምና ትምህርት ማዕከሎች አሉ። ሁለቱም ቤቶች ኮምፒዩተር ሳይኖራቸው አንድ ነገር ያውቁ ነበር።

በቆሎ ትምህርት ቤት ሠላሳ ልጅ ከአንድ ዛፍ ሥር ቢቀመጥ ሠላሳው በየራሱ ቦታ ላይ ነው። አንዱ ገና ፊደል ይቆጥራል፤ አንዱ አቡጊዳ ላይ ነው፤ አንዱ መልእክተ ዮሐንስ ያነባል፤ ትልቁ ዳዊት ይደግማል። የኔታ አንዱን ሲያስነብቡ ትልልቆቹ ትንንሾቹን ያስቀጽላሉ። ዛሬ ያልያዘው ልጅ ነገ እዚያው ካቆመበት ይጀምራል፤ «ጥሎህ ሄደ» የሚባል ገጽ የለም። በቁርአን ቤትም እንዲሁ ነው። ሕፃኑ ከእንጨት ሉሁ ላይ የተጻፈለትን እስኪይዘው ድረስ ሉሁ አይታጠብም። ሲይዘው ይታጠብና ሌላ ይጻፍለታል።

ይህን ሉህ አደራ ልብ በሉልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ። ትርጉሙ ሳይገባ መሸምደዱንና አለንጋውን ግን አልናፍቅም፤ ይቅሩ። የማነሣው አንዱን ብልሃት ነው፦ ሉሁ የሚታጠበው ልጁ ሲደርስ ነው፤ ሰዓቱ ሲደርስ አይደለም።

ሁለተኛው ክፍል ፕላዝማ ነው። በ1997 ዓ.ም. ፕላዝማ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲገባ እኔ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ፊት ለፊታችን በብረት ሳጥን የተቆለፈ ትልቅ ቴሌቪዥን ተተከለ። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ በሳተላይት ነው የሚመጣው። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ በዚያ ዘመን በሒሳብና በሳይንስ የሠለጠነ መምህር በየወረዳው አልነበረም። የአዲስ አበባው ልጅም የገጠሩም አንድ ዓይነት ትምህርት እንዲያገኙ ታሰበ። እኔም ልብ ደም ሲረጭ መጀመሪያ ያየሁት በፕላዝማ ነው፤ ላቦራቶሪያችን ውስጥ የነበረው ቁልፉ የጠፋ ቁምሳጥን ብቻ ነበር።

ግን እንዴት ነበር የምንማረው? እድሜያችሁ የሚፈቅድላችሁ ታስታውሳላችሁ። ዝቅተኛውን ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋችን ተምረን የመጣን ልጆች ነን፤ ሴትዮዋ በእንግሊዝኛ ትናገራለች፣ ያውም በማናውቀው ቅላጼ። ርእሱን ጽፈን ሳንጨርስ ሦስተኛው ስላይድ ላይ ናት። ጥያቄ ትጠይቅና ጥቂት ሰከንድ ትሰጠናለች፤ ጥያቄው ራሱ ምን እንደሆነ እየተጠያየቅን ሳለ «ጎበዞች! በጣም ጥሩ!» ትለናለች። ማንም አልመለሰም። ለማን እንደምታጨበጭብ ዛሬም አላውቅም።

የሒሳብ መምህራችን ከበሩ አጠገብ ወንበር ላይ ይቀመጡ ነበር፤ ሪሞቱ በእጃቸው ነው። አንድ ቀን ከመካከላችን አንዱ ደፍሮ «ቲቸር፣ ያቁሙልን፤ አልገባንም» አለ። መምህሩ ሪሞቱን አየት አደረጉና «ማጥፋት እችላለሁ፤ ማቆም ግን አልችልም» አሉ። አልዋሹም። ስርጭቱ ለአገሩ ሁሉ ባንድ ጊዜ ነው የሚወርደው፤ እሳቸው ቢያጠፉት እኛን ጥሎ ይሄዳል። መብራት ከጠፋም እንዲሁ፤ መብራቱ ይመለሳል፣ ትምህርቱ አይመለስም። ስርጭቱ ሲያበቃ የሚቀራቸው ጥቂት ደቂቃ ነው። በዚያች ደቂቃ ፊታቸውን አዙረው «ገባችሁ?» ይሉናል። እኛም «አዎ!»

እንግዲህ ወደ ሉሁ ልመለስ። ፕላዝማ ማለት ልጁ ያዘውም አልያዘውም በየክፍለ ጊዜው ራሱን በራሱ የሚያጥብ ሉህ ነበር። ያን ያህል ገንዘብ ሲወጣበት የጎደለችው አንዲት ቁልፍ ናት፤ ማቆሚያዋ። ያቺ ቁልፍ ስለጎደለችም መምህሩ ከመምህርነት ወደ ሪሞት ያዥነት ወረዱ። ተማሪ «ይደገም» ማለት ሲከለከል መምህርም «ልድገምላችሁ» ማለት ይከለከላል፤ ሁለቱ አብረው ነው የሚሄዱት።

ሦስተኛው ክፍሌ መጠበቅ ስለሚችሉ መሣሪያዎች ነው። «ማሽን እንዴት ይጠብቃል?» ትሉኝ ይሆናል። ሁለት ምሳሌ ከሩቅ፣ አንድ ከቅርብ ላምጣ።

በፈረንጆቹ 1970ዎቹ በኒካራጓ ለትንንሽ ልጆች ሒሳብ በሬዲዮ ይሰጥ ነበር። ሬዲዮ ደግሞ እንደ ፕላዝማ ነው፤ ተናግሮ ያልፋል። አዘጋጆቹ ግን አንድ ዘዴ አበጁ። ሬዲዮው ይጠይቅና ዝም ይላል። ልጆቹ በዚያ ጸጥታ ውስጥ ጮኽ ብለው ይመልሳሉ፣ ወይም ደብተራቸው ላይ ይጽፋሉ፣ ከዚያ ሬዲዮው መልሱን ይናገራል። ትምህርቱን ክፍል ውስጥ እየሞከሩ፣ ልጆቹን እያዩ ያስተካክሉት ነበር። የትምህርቱ ትልቁ ሀብት ድምፁ መስሎን ነበር፤ ለካ ጸጥታውም ነው።

ሁለተኛው የሳልማን ካን ታሪክ ነው። ይህ ሰው አሜሪካ ውስጥ በሌላ ከተማ ላለች ዘመዱ በስልክ ሒሳብ ያስጠና ነበር። ኋላ የሚያስጠናቸው ዘመዶች ሲበዙበት በ2006 እ.ኤ.አ. ማብራሪያውን እየቀዳ ዩቲዩብ ላይ ማስቀመጥ ጀመረ። ዘመዶቹ ምን ቢሉት ጥሩ ነው? ከአንተ ከራስህ ይልቅ ቪዲዮህ ይሻለናል! ለምን ቢባል፣ ቪዲዮውን አቁመው ወደኋላ መልሰው ማየት ይችላሉ፤ ዐሥር ጊዜ ቢደግሙት የሚታዘባቸው የለም። ዛሬ ዓለም የሚያውቀው ካን አካዳሚ ከዚያ ተነሣ። ዘዴው ጥቁር ሰሌዳና የሰው ድምፅ ነው። ከፕላዝማ የሚለየው በምስሉ ጥራት አይደለም፤ ማቆሚያዋ ቁልፍ በልጁ ጣት ሥር መሆኗ ነው።

ሦስተኛው የራሳችን ነው። መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ሲወሰን ከ26 ሚሊዮን በላይ ተማሪ ቤቱ ቀረ። ትምህርት በሬዲዮና በቴሌቪዥን መተላለፍ ጀመረ፤ ያው እንደ ፕላዝማው የማይቆም ነገር። የጎረቤቴ ልጅ ያኔ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። የሳይንስ መምህሯ ቴሌግራም ላይ በአማርኛ አጫጭር የድምፅ መልእክት ይልኩላቸዋል። ማታ እናቷ ከሥራ ስትገባ ስልኳን ተቀብላ ደጃፍ ላይ ትቀመጣለች። አንዱን መልእክት ደጋግማ ስትሰማ እኔ ራሴ በግድግዳው በኩል ስለ ሥራ፣ ስለ ኃይልና ስለ ርቀት ተምሬ ተነሣሁ። አንድ ቀን «ስንት ጊዜ ነው የምትሰሚው?» ብላት «ጋሼ፣ ክፍል ውስጥ አንዴ ነው የሚናገሩት፤ እዚህ ግን እስኪገባኝ ይናገራሉ» አለችኝ። ከዚህ የተሻለ የቴክኖሎጂ ትርጉም መጽሐፍ ላይ አላገኘሁም።

አራተኛው ክፍል ቋንቋና ፊደል ነው። «ይደገም» ያለ ተማሪ በማይገባው ቋንቋ መቶ ጊዜ ቢደገምለት ያው ነው።

በ2012 እ.ኤ.አ. አንድ የውጭ ድርጅት በኦሮሚያ ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ ባሉ ሁለት መንደሮች ትምህርት ቤት ላልገቡ ልጆች ታብሌቶችን በታሸገ ካርቶን ሰጠ፤ በፀሐይ ኃይል የሚሞሉ ናቸው። የሚያስተምር ሰው አልተመደበም። ልጆቹ በደቂቃዎች ውስጥ ካርቶኑን ከፍተው ማብሪያውን አገኙ፤ በሳምንታት ውስጥ የእንግሊዝኛን የፊደል መዝሙር ይዘምሩ ጀመር። ዓለም ተደነቀ። እኔም ተደንቄአለሁ፤ የልጅ አእምሮ ድንቅ ነውና። ግን አንድ ጥያቄ ቀረኝ። እነዚህ ልጆች የሚናገሩት አፋን ኦሮሞ ነው፤ ትምህርት ቤት ሲገቡ የሚጠብቃቸው ቋንቋቸው የሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ ቁቤ ነው። ቁቤ ከእንግሊዝኛው ጋር በመልክ አንድ ነው፣ በድምፅ ግን ይለያል። እንግሊዝኛው «ሲ» የሚላት ፊደል በቁቤ «ጨ»ን ታሰማለች፤ «ኤክስ» የምትባለው «ጠ»ን። በልጁ ቋንቋ ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ጉጉት የት ባደረሰው!

የኛን ፊደል ደግሞ እንይ። ይህን የማነሣው ማየት ስለተሳናቸው ተማሪዎች ነው። እነሱ ከሁላችንም በፊት የ«ይደገም»ን ዋጋ ያውቃሉ፤ የሚያነብላቸው ጓደኛ ለምነው፣ ድምፁን ቀድተው፣ ሌሊት እየደጋገሙ ነው የሚያጠኑት። ዛሬ የጽሑፍን ቃል ወደ ድምፅ የሚለውጡ ነጻ ፕሮግራሞች አሉ፤ አማርኛም መናገር ጀምረዋል። ታዲያ ለምን የኛን ማስታወሻ አያነቡላቸውም? ምክንያቱ ቀላል ነው። ግእዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ወደተባለው የዓለም የፊደላት መዝገብ ገብቷል፤ ከዚያ በፊት በነበሩት ፎንቶች ግን ኮምፒዩተሩ «ሀ»ን የሚያስቀምጣት በአንድ የላቲን ምልክት ቦታ ነበር። ለዓይን «ሀ» ትመስላለች፤ ለማሽኑ ግን ሌላ ናት። እስከዛሬ በዚያ አሮጌ ፎንት የምንጽፍ አለን። ሌሎቻችን ደግሞ መጽሐፉን ፎቶ አንሥተን እንልካለን። ፎቶ ለማንበቢያው ፕሮግራም አብዛኛውን ጊዜ ነጭ ወረቀት ማለት ነው። እኛ «ልከናል» እንላለን፤ ለዚያ ተማሪ የደረሰው ዝምታ ነው።

እዚህ ላይ ከእናንተ መካከል በልቡ የሚቃወመኝ ወላጅ እንዳለ ይሰማኛል። «አንተ ስልክ ታመሰግናለህ፤ የኔ ልጅ በስልክ የሚደግመው ቲክቶክ ነው!» እውነትዎን ነው። ስልክ የማይጠቅመውንም ይደግማል። ለዚህ ነው መሣሪያውን ብቻ ሰጥተን ዞር ማለት የማንችለው። ጊዜው ይወሰን፣ የሚሰማው ይታወቅ፤ ማታ ግማሽ ሰዓት እናት ባለችበት። ጥያቄ ስለሚመልሱት የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራሞችም ብዙ ትጠይቁኛላችሁ። እነሱ ሺህ ጊዜ ቢጠየቁ አይሰለቹም፤ ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። ነገር ግን ስሕተቱንም በሙሉ ልብ ይናገራሉ፣ በአማርኛ ደግሞ ይብሳል፤ የቤት ሥራውንም ሠርተው ይሰጣሉ። ለተማሪዎች የምላችሁ ይህን ነው፦ «ሥራልኝ» ካላችሁት የተማረው እሱ ነው፤ «ሌላ ምሳሌ ሰጥተህ ድገምልኝ» ካላችሁትና የነገራችሁን ከመጽሐፋችሁ ጋር ካስተያያችሁት የተማራችሁት እናንተ ናችሁ።

እንግዲህ ሰኞ ጠዋት ምን እናድርግ? የምጠይቃችሁ በጀት የሚጠብቅ ነገር አይደለም።

አንደኛ፣ እያንዳንዱ መምህር በሳምንት አንዱን ከባድ ነጥብ መርጦ፣ ልጆቹ በሚገባቸው ቋንቋ፣ አምስት ደቂቃ በስልኩ ይቅዳ። የአምስት ደቂቃ የድምፅ መልእክት አንድ ሜጋባይት ገደማ ነው፤ ቪዲዮው ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ኢንተርኔት የሌለው በብሉቱዝ ወይም በሚሞሪ ካርድ ይቀበል።

ሁለተኛ፣ ስልክ የሌለው ልጅ አይረሳ። ቤተ መጻሕፍት ጥግ ላይ አንድ አሮጌ ስልክና ማዳመጫ ይቀመጥ፤ ተራ ይያዝበት። በየቤታችን ስክሪኑ ተሰንጥቆ የተጣለ ስልክ አለ፤ ድምፁ ከሠራ ይበቃል። በተለይ ሴት ልጆችን አስቡ፤ ቤት ውስጥ ስልኩ መጀመሪያ ለወንድም ነው የሚሰጠው።

ሦስተኛ፣ ማስታወሻችንን በዩኒኮድ እንጻፍ፤ ፎቶ ከመላካችን በፊት ይህን ማየት የተሳነው ተማሪዬ እንዴት ያነበዋል ብለን እንጠይቅ።

አራተኛ፣ ከሁሉ ርካሹ። «ገባችሁ?» የሚለውን ጥያቄ እንተወው። በምትኩ ከክፍሉ በር ላይ አንድ ካርቶን እናስቀምጥ። ተማሪው ስሙን ሳይጽፍ «ይህ ይደገምልኝ» የሚለውን በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ይጣልበት። መምህሩ አርብ ማታ ይክፈተው፤ በብዛት የተጠየቀችው ነጥብ የሚቀጥለው ሳምንት ቅጂ ትሁን። ቴክኖሎጂው የሚጀምረው ከዚያ ካርቶን ነው። የተማሪውን ፍላጎት የምናውቀው በብጣሽ ወረቀት ነው፤ የምንመልሰው በስልክ ነው። ፕላዝማ ግን ማንም ሳይጠይቀው ነበር መልስ መስጠት የጀመረው።

መምህራን ሆይ፣ «እኔ ስልክ ላይ ከተቀዳሁ ለምን እፈለጋለሁ?» ብላችሁ አትስጉ፤ አብሽሩ! ሪሞት ያዥ ያደረጋችሁ የማይቆመው መሣሪያ ነው። የሚቆመው ግን ሥራችሁን ይመልስላችኋል። መድገሙን ስልኩ ሲሸከምላችሁ፣ እናንተ በወንበሮቹ መካከል እየተዘዋወራችሁ ትንሿ ልጅ የት ላይ እንደቆመች ማየት ትችላላችሁ። የኔታ ያደርጉት እንደነበረው።

የጎረቤቴ ልጅ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። መምህሯ ያን መልእክት ሲልኩ ማን ስንት ጊዜ እንደሚሰማው አያውቁም ነበር። እኔ ግን በግድግዳው በኩል ቆጥሬአለሁ፤ በአንዱ ምሽት ዐሥራ አንድ ጊዜ። ክፍል ውስጥ ዐሥራ አንድ ጊዜ እጇን አታወጣም ነበር።

ንግግሬን ጨርሻለሁ። አሁን «ገባችሁ?» ብዬ አልጠይቃችሁም፤ መልሳችሁን አውቀዋለሁ። ወረቀትና እርሳስ በየረድፉ እየዞረ ነው። ስማችሁን አትጻፉ፤ ያልገባችሁን ብቻ ጻፉልኝ፤ ተቀምጬ እደግመዋለሁ።